ደብተሩ የት ገባ?

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ሞጣ የሚሄድ ሰው 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ አዴት ይደርሳል። የይልማና ዴንሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች መካከል “ጓሳ” እና “ዘንገና” የሚባሉት ድንቾች፣ “እጹብ” የተባለው ጤፍ ይገኙበታል። ድንቹ ተበልቷል፣ ጤፉም ተዘርቷል። እኔ ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ግን ዝርያዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ስለተጻፉት ደብተሮች ነው።

አንድ ዝርያ እንዲሁ አይወጣም። አዴት ላይ ይዘራል፣ ቡሬ ላይ ይዘራል፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ፣ ሌላም ሌላም ቦታ ይዘራል። በእያንዳንዷ መደብ ላይ መቼ እንደተዘራ፣ መቼ እንደበቀለ፣ መቼ እንዳበበ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቆመ፣ በሽታ ምን ያህል እንደያዘው፣ ሲወቃ ስንት ግራም እንደወጣው ይመዘገባል። ይሄ በሚቀጥለው ዓመት ይደገማል፣ በሌላው ዓመትም እንደገና። የሚጽፈው ብዙ ጊዜ የመስክ ረዳቱ ነው፤ እጁ ጭቃ፣ ደብተሩ ዝናብ የነካው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ቁጥር ተደምሮና ተካፍሎ በመጨረሻ አንዲት ሠንጠረዥ ትሆናለች። ሠንጠረዧ ትታተማለች። ደብተሩ መሳቢያ ይገባል።

“ሠንጠረዧ ካለች ደብተሩ ምን ያደርጋል?” የሚል አይጠፋም። ያደርጋል እንጂ! አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። በአማካይ ተሸንፎ የተጣለው ዝርያ ምናልባት በቡሬ ቀይ አፈር ላይ አንደኛ ወጥቶ ነበር። ምናልባት ዝናብ ባጠረበት በዚያ አንድ ክረምት እሱ ብቻ ነበር የቆመው። ዛሬ የአየሩ ጠባይ ተለውጦ ያ ጥያቄ ሲነሳ መልሱ ያለው ሠንጠረዧ ላይ ሳይሆን ደብተሩ ላይ ነው። ደብተሩ የት ገባ?

ይሄን ጥያቄ ለመመለስ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በንጉሡ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቋመ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ወደ ኋላ ይገባችኋል።) አዴት በ1980ዎቹ መጣ። መንግሥት ሲለወጥ ማዕከሉ ከፌዴራሉ ወደ ክልሉ ተላለፈ፤ በ2000 የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ደግሞ በእሱ ሥር ሆነ። ማዕከላዊው መሥሪያ ቤትም በበኩሉ ስሙን ሲቀያይር ኖሯል። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ስም ቀየረ ማለት ማኅተም ይቀየራል፣ ቢሮ ይቀየራል፣ ቁምሳጥን ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ቁምሳጥን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር መጉደሉ አይቀርም። ክፉ አሳቢ አያስፈልግም፤ ቦታ የጠበበው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ብቻ ይበቃል።

አሁን ከአዴት ወደ ደቡብ ምዕራብ ጎጃም እንውረድ፤ ወደ ደምበጫ አካባቢ። ከደምበጫ በስተሰሜን አንጀኒ የምትባል አገር አለች። በምርምር ዓለም የአንጀኒ ስም ከብዙ ትልልቅ ከተሞቻችን ይበልጥ የታወቀ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የምትጠናው ተፋሰስ ስፋቷ 113 ሄክታር ነው። በድሮው ልክ ሦስት ጋሻ እንኳ አይሞላም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1973ቱ እና 74ቱ ድርቅ በኋላ አፈር እየታጠበ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ሆኖ ነበር። ደርግ ገበሬውን በዘመቻ አሰማርቶ፣ ለሥራው የምግብ እህል እየታደለ፣ እርከን በእርከን ተሠራ። ሆኖም እርከኑ ምን ያህል አፈር እንዳስቀረ የለካ አልነበረም። በ1981 የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት የሚባለውን ጀመረ፤ መሪው ሃንስ ሁርኒ የሚባለው ስዊዘርላንዳዊ ነበር። ወሎ ላይ ማይባር፣ ሸዋ ላይ አንዲት ጥድ፣ ሐረርጌ ላይ ሁንዴ ላፍቶ እያለ ጣቢያ ተከለ። የጎጃሟ አንጀኒ በ1984 ተጨመረች። እኛ “የ77ቱ ድርቅ” የምንለው አገሩን በሚያምስበት ጊዜ ማለት ነው።

የሥራውን ዓይነት እዩልኝ። ዝናብ ይለካል፣ ትነት ይለካል፣ ሙቀት ይለካል። ወንዙ ላይ የውኃውን ከፍታ የሚመዘግብ መሣሪያ ተተክሏል። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የጠርሙሱ ሥራ ነው። ዝናብ ጥሎ ወንዙ መደፍረስ ሲጀምር፣ ጣቢያው ውስጥ ያለው ሰው ሮጦ ወርዶ አንድ ሊትር ውኃ ይቀዳል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሌላ አንድ ሊትር። ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና። ሌሊትም ቢሆን፣ መብረቅም ቢሆን። ከዚያ ውኃው ይጠለላል፣ ደለሉ ይደርቃል፣ ይመዘናል፣ ቁጥሩ ይጻፋል። ይሄ በየዝናቡ፣ በየክረምቱ፣ ለዓመታት። በ1986 ደግሞ ተፋሰሷ በሙሉ “ፋንያ ጁ” በሚባለው፣ አፈሩን ከቦዩ ወደ ላይ እየወረወሩ በሚሠራ እርከን ተሸፈነች። እርከኑ ከመሠራቱ በፊት የተለካ፣ ከተሠራም በኋላ የተለካ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ተከታታይ መዝገብ በአፍሪካ ደጋማ አገሮች በቀላሉ አይገኝም።

የአሜሪካ ገበሬ ማሳ ላይ ተለክቶ የወጣውን የአፈር መታጠብ ቀመር ሁርኒ በ1985 ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርጎ አሰናዳው። እስከ ዛሬ ድረስ የማስተርስ ተማሪው ሁሉ የሚጠቀመው ይሄንኑ ነው። በየስብሰባው ሲጠቀስ የምንሰማው፣ ከታረሰ መሬት በሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚለው ግምትም የሱ ነው። ቁጥሩን የሚጠቅሰው ሰው ብዙ፣ ከኋላው ያለውን ጠርሙስ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ፕሮጀክቱ በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ሲያበቃ ጣቢያዎቹ ለየክልሎቹ ተላለፉ፤ አንጀኒም ለአማራ ክልል ምርምር። ከአንጀኒ የተጻፉ ጥናቶችን ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም፤ በርካታዎቹ የሚቆሙት ከ1984 እስከ 1993 ባለው መዝገብ ላይ ነው። ያ አሥር ዓመት በመጽሐፍ ታትሞ፣ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ፣ ተባዝቶ ስለነበር በብዙ እጅ ተረፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን እንደ ፊተኛው የተባዛ አልነበረም። በ2011 አዲስ አበባ ላይ የውኃና የመሬት ሀብት ማዕከል ሲቋቋም ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ ይሄንኑ የድሮ መዝገብ መሰብሰብና ማስቀጠል ነበር።

መቼም ኮምፒዩተር ሲመጣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ያበቃል ተብሎ ነበር። ኮምፒዩተር መጣ፤ ጣጣውም አብሮ መጣ። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ የእርሻ ተመራማሪው ሁሉ መሣሪያ ኤምስታት-ሲ የሚባል፣ በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ፕሮግራም ነበር። በዶስ ነው የሚሠራው፤ መረጃውን የሚያስቀምጠውም በራሱ ቋንቋ ነው። ዶስ ሲሞት ፋይሎቹ አብረው ታመሙ። ቀጥሎ ኤስፒኤስኤስ እና ሳስ መጡ። ዋጋቸው የአንድ ማዕከል በጀት የሚነቀንቅ ስለሆነ የተሰበረው ቅጂ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ከነቫይረሱ። ጄንስታት የሚባለው ደግሞ ለድሃ አገር ተመራማሪዎች በነጻ የሚሰጥ ቅጂ ነበረው። ደግ ነው፣ እናመሰግናለን። ግን ነጻ ስጦታ እና ነጻነት ይለያያሉ፤ ሰጪው ሲሰለቸው ተቀባዩ ምንም ማለት አይችልም።

አንድ የአፈር ተመራማሪ ወዳጄ አለ። የድሮ የመስክ መረጃውን ያስቀመጠው በ24 ፍሎፒ ዲስኮች ላይ ነው። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በቁጥር ተለጥፈው። “አልጠፋም እኮ” ይለኛል ቆርቆሮውን እያሳየኝ፣ “የሚከፍተው ነው የጠፋው።”

ኦፕን ሶርስ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ሐሳቡ ከ1983 ጀምሮ በአሜሪካዊው ሪቻርድ ስታልማን ስም ይጠራል፤ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ይሁን፣ ማንም ይየው፣ ያባዛው፣ ያሻሽለው፣ ያሻሻለውንም ሲያድል እንደተቀበለው ክፍት አድርጎ ያድል የሚል ነው። ከዚህ ሐሳብ ብዙ መሣሪያ ተወለደ። የስታቲስቲክሱ “አር” በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒውዚላንድ ኦክላንድ ላይ በሁለት መምህራን እጅ ተጀመረ። ካርታ የሚሠራው ኪውጂአይኤስ በ2002። ዶኪዩመንትና መረጃ ማስቀመጫው ዲስፔስ በዚያው በ2002 ከኤምአይቲ እና ከኤችፒ። በሞባይል ስልክ የመስክ መጠይቅ መሙያው ኦዲኬ በ2008 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ።

ይሄ ነገር ለእኛ እንግዳ አይመስለኝም። የብራና መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ግዝት አለ፤ የሰረቀው፣ የፋቀው፣ ከተሰጠበት ቤተ ክርስቲያን ያወጣው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን ይላል። መገልበጥ ግን አልተገዘተም። ገልብጦ መውሰድ እንዲያውም የጽድቅ ሥራ ነበር። የስታልማን ፈቃድም ግዝት ነው፤ ቅዳው፣ ቆልፈህ ግን አታስቀረው የሚል። ልዩነቱ የሚያስፈጽመው ሐዋርያ ሳይሆን ፍርድ ቤት መሆኑ ነው። ደግሞ አስቡት፤ በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቶ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ሚኒሶታ ኮሌጅቪል አኖረ። የሰነድ ሰዎች ዛሬ ስለ ቅጂ ብዛት የሚሰብኩትን እኛ ቤት ቀድሞ የተሠራ ሰው ነበር።

በነገራችን ላይ አንድ የማይታወቅ ታሪክ ልንገራችሁ። ዋና ግቢዎቹ ናይሮቢና አዲስ አበባ የሆኑት ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ኢንስቲትዩት በ2009 አካባቢ ጽሑፎቹን የሚያኖርበት ማከማቻ በዲስፔስ ሠራ። ስሙን ምን አለው? “ማኅደር”። የብራና መጽሐፍ የሚገባበትን የቆዳ ከረጢት ስም ማለት ነው። ማከማቻው እያደገ ሄዶ በዓለም ላይ ያሉ እኅት የግብርና ምርምር ማዕከላት በጋራ የሚጠቀሙበት ሆነና ስሙ ሲጂስፔስ ተባለ። ዛሬ ከፔሩ እስከ ፊሊፒንስ ያለ ተመራማሪ ጽሑፉን የሚያኖርበት ቤት ሲወለድ የግዕዝ ስም ነበረው። እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ ግን በዚያን ጊዜ ስንቱ መሥሪያ ቤታችን ሪፖርቱን በሲዲ አቃጥሎ ፋይል ውስጥ ይወሽቅ ነበር!

መሣሪያ መኖሩ ብቻ ግን መረጃን አያገናኝም። የሚያገናኘው ሰው ነው፣ ሰውን ማገናኘት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። በ2018 አንድ ቡድን ተቋቋመ፤ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው “የፈቃደኞች ኅብረት” ይሆናል። የአፈርና የአዝመራ መረጃ ያላቸው ተመራማሪዎች ማንም ሳያስገድዳቸው ያላቸውን አውጥተው አንድ ቋት ውስጥ ለመክተት ተስማሙ። ስሙን ወድጄዋለሁ፤ ያልፈቀዱም መኖራቸውን በጨዋ ደንብ ይነግረናል።

ምን ተገኘ? እስከዚያ ጊዜ አገሪቱ የምትጠቀምበት የአፈር ካርታ የ1984 ነበር፤ ልኩ አንድ ለሁለት ሚሊዮን። አንድ ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አዴትና ባሕር ዳር በዚያ ካርታ ላይ የሁለት ሴንቲ ሜትር ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንጀኒ ደግሞ በቀጭን እርሳስ የተነካች ነጥብ። ኅብረቱ ከየመሳቢያው፣ ከየመመረቂያ ጽሑፉ፣ ከየድሮ ፕሮጀክቱ ሪፖርት ወደ 20,000 የሚጠጋ የአፈር ጉድጓድ መረጃ ሰበሰበ። የአፈር ሰዎች ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ደርዝ በደርዝ ቀለሙን፣ ውፍረቱን፣ ኮምጣጣነቱን ይጽፋሉ። ከተሰበሰበው ተጣርቶና ተስተካክሎ ለሥራ የተዘጋጀው 14,681 ነው። የት እንደተቆፈረ በትክክል ያልተጻፈ ጉድጓድ ካርታ ላይ ሊቀመጥ አይችልማ! ከዚያም ራንደም ፎረስት በሚባለው የኮምፒዩተር ዘዴ፣ እንደ አር ባሉ ነጻ መሣሪያዎች ማንም ሊሠራበት በሚችለው ማለት ነው፣ የአገሪቱ አፈር በ18 ወገን ተከፍሎ በየ250 ሜትሩ የሚነበብ ካርታ ወጣ። በዚህኛው ልክ አንጀኒ ነጥብ መሆኗ ቀርቶ 18 ያህል መደቦች አሏት። ውጤቱ በ2024 በሳይንስ መጽሔት ታትሟል።

ይሄ ለገበሬው ምኑ ነው? ለዓመታት በዚህ አገር የማዳበሪያ ምክር አንድ ነበር፤ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ለፍኖተ ሰላሙ በቆሎም፣ ለአዴቱ ጤፍም፣ ለአርሲው ስንዴም። ቀዩንም፣ ዋልካውንም አንድ አድርጎ። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ አፈሩ የኮመጠጠበት ብዙ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ኖራ ሳይበተን ማዳበሪያውን መጨመር ገንዘብን መቅበር ነው። ማዳበሪያ ደግሞ በዱቤ የሚወሰድ፣ አዝመራው ቢከዳም የሚከፈል ዕዳ ነው። ትክክለኛው መረጃ በመሳቢያ በመቀመጡ ዋጋ የከፈለው መሳቢያው ባለቤት አይደለም።

አሁን ቃል ወደገባሁላችሁ ወደ ዘመን አቆጣጠሩ ልመለስ። ማገናኘት፣ ማዋሐድ ሲባል አፍ ላይ ቀላል ነው። ሁለት ጣቢያ የመዘገቡትን ዝናብ አንድ ላይ ለማድረግ ተነሡ እንበል። አንዱ ደብተር ላይ “76/77” ይላል። በእኛ 1976 እና 77 ነው ወይስ በፈረንጆቹ? ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው፤ የድርቁን ዓመት ከጥጋቡ ዓመት ጋር ያደባልቃል። ጳጉሜንን ለኮምፒዩተር ንገሩት። 13ኛ ወር አላውቅም ይላል። አላውቅም ሲልስ ደግ ነው፤ የሚያስፈራው አውቃለሁ ሲል ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 76ን “5/13/76” ብላችሁ ብታስገቡለት በአሜሪካ ልማድ የተሰናዳ ኤክሴል ሜይ 13 ቀን 1976 ነው ብሎ በደስታ ይቀበላችኋል። የክረምቱ ዝናብ ግንቦት ላይ ዘነበ ማለት ነው። “ጠዋት 2 ሰዓት” የተነበበው ዝናብም በሌላው ፋይል ሌሊት ስምንት ሰዓት ሆኖ ይገኛል።

ቀኑን ስታበቁ የቦታ ስም ይጠብቃችኋል። ፍኖተ ሰላምን በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ ቃል ይጽፋታል፣ ሌላው በሁለት፣ ሌላው ከመካከሏ ፊደል ይውጣል። ኮምፒዩተሩ ሦስት ከተማ ያደርጋታል። ይልማና ዴንሳማ ተዉት። አፈሩን ደግሞ ገበሬው “ቀይ አፈር”፣ “ዋልካ” ይለዋል፤ የ1974ቱ የፋኦ አከፋፈል ኒቶሶል ሲል የኋላው ኒቲሶል አለው። መሬቱን ገበሬው በጥማድ ይናገራል፣ ጥማድ ደግሞ እንደ በሬው ጉልበት ነው።

ደስ የሚለው፣ መሣሪያው ክፍት ሲሆን እንዲህ ያለውን ነገር ባለጉዳዩ ራሱ ሊያስተካክለው ወይም እንዲስተካከል ሊጨቀጭቅ ይችላል። ኦዲኬ ዛሬ ቀን ሲያስሞላ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አውጥቶ ያሳያል፣ ከጳጉሜን ጋር፤ ከኋላ ደግሞ ወደ ፈረንጁ ለውጦ ያስቀምጣል። ጤና ሚኒስቴር ለመላ አገሪቱ የተቀበለው ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው ክፍት የጤና መረጃ ሥርዓትም የእኛን አቆጣጠር ያውቃል። የተዘበራረቀ ስም የሚያስተካክለው ኦፕንሪፋይን አለ፤ አንድ ጊዜ የጉግል ንብረት ነበር። ጉግል በ2012 ሲለቀው ኮዱ ክፍት ስለነበር በጎ ፈቃደኞች አነሡት፣ አሁንም ይሠራል። ኤምስታት-ሲ ይሄን ዕድል አላገኘም።

“ሁሉን ክፍት አድርገንማ ፈረንጅ ይወስድብናል” የሚለውን ስጋት አልንቀውም። ምክንያት አለው። በ2005 መንግሥታችን ጤፍን በሚመለከት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ነበር። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ኋላም ከሰረ፤ ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው ይሄ ነው የሚባል ጥቅም የለም። መብቱን የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ይሄ ከደረሰ በኋላ አንድ ኃላፊ ቁልፉን ኪሱ ቢከት ማን ይፈርድበታል?

እኔ ግን ከዚሁ ታሪክ ሌላ ነገር አነባለሁ። የፈጠራ መብት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው። አዲስ አለመሆኑን የሚያሳየው ደግሞ ቀን ያለው፣ ማንም ሊያየው የሚችል ጽሑፍ ነው። መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ደብተር ፍርድ ቤት ቀርቦ አይመሰክርም። በዚያ ላይ ክፍት ማለት ልቅ ማለት አይደለም፤ የገበሬውን ስምና የማሳውን ትክክለኛ ቦታ ሸፍኖ ቁጥሩን መስጠት ይቻላል፣ ማን እንደሰበሰበው እንዲጠቀስ ማስገደድም ይቻላል። የዘር ከረጢትና የቁጥር ሠንጠረዥ በአንድ ቁልፍ የሚቆለፉ አይመስለኝም።

ከሌባው ይልቅ የሚያስፈራኝ እሳት ነው። በ2021 ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የጉዳቱና የዘረፋው ሰለባ ሆነዋል። ኮምፒዩተር የሚወስድ ሰው ውስጡ ያለውን የ20 ዓመት መረጃ ብሎ አይወስድም፤ ብረቱን ነው የሚያየው። በነሐሴ 2023 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። ምዕራብ ጎጃም ከጦርነቱ መካከል ነበረች፤ ተመራማሪ ወደ ማሳ ጣቢያው መውጣት የማይችልበት ጊዜ ነበር። “ሁሉን ክላውድ ላይ እናስቀምጥ” የሚል ምክር እንዲህ ባለ ጊዜ ቀልድ ይሆናል። አንድ ቅጂ አዴት፣ አንድ ባሕር ዳር፣ አንድ አዲስ አበባ፣ አንድም ከአገር ውጭ፤ መሣሪያውም ያለ ኢንተርኔት መሙላት የሚችል። ኦዲኬ ይሄን ያደርጋል፤ ስልኩ ላይ አስቀምጦ መስመር ሲገኝ ይልካል። ለቡሬ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው።

ወረቀት ላይ ብዙ ነገር ተሟልቷል። በ2019 የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ጽሑፉም መረጃውም ክፍት እንዲሆን የሚያዝ ብሔራዊ ፖሊሲ አወጣ፤ በሥሩ የነበሩትን 47 ዩኒቨርሲቲዎች የሚመለከት። ናድሬ የሚባል ብሔራዊ የዲጂታል ማከማቻም ተሠራ። ሚኒስቴሩ በ2021 ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተጠቃለለ። የቁምሳጥኑን ነገር ታስታውሳላችሁ አይደል?

ወረቀቱ ላይ የማላየው ደመወዙን ነው። ሶፍትዌሩ በነጻ መጣ እንበል። በቅሎም በስጦታ ስትመጣ ገብስ መብላቷን አትተውም። ሰርቨር የሚጠብቅ፣ ቅጂ የሚያደርግ፣ “76/77”ን የሚፈታ ሰው ያስፈልጋል። በምርምር ማዕከሎቻችን መዋቅር ውስጥ ዘር አዳቃይ አለ፣ የአፈር ባለሙያ አለ፣ ሹፌርም አለ፤ የመረጃ ጠባቂ የሚባል መደብ ያለው ስንቱ ነው? ተመራማሪው የደረጃ ዕድገት የሚያገኘው ባሳተመው ጽሑፍ ቁጥር ነው፤ መረጃውን አጥርቶ ለሌላ ሰው እንዲጠቅም አድርጎ ስላስቀመጠ ነጥብ ካልተያዘለት ለምን ብሎ ሁለት ወር ያጠፋል? ወዳጄን የፍሎፒ ቆርቆሮውን ለምን ለአንዱ ማከማቻ እንደማይሰጥ ብጠይቀው “ማን ይቀበለኛል? ቢቀበለኝስ ማን ይፈርምልኛል?” አለኝ። የሳቀ መስሎኝ ነበር፤ ግን የምሩን ነው።

የመፈረሙ ነገር ከተነሳ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ዲስፔስ ውስጥ አንድ ፋይል ሲገባ የሚሞላ ቅጽ አለ። ቅጹ የተቀዳው በ1995 ኦሃዮ ውስጥ ደብሊን በምትባል ከተማ ከተጀመረ፣ ደብሊን ኮር ከሚባል ደንብ ነው። ደንቡ 15 ዋና ዋና መስኮች አሉት፤ ርእስ፣ ጸሐፊ፣ ቀን፣ ቋንቋ እያለ ይሄዳል። ከ15ቱ አንዱ “አስተዋጽኦ ያደረገ” የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ባዶውን ይታለፋል። ስንት ሰው ቢጻፍበት ገደብ የለውም፤ በአማርኛ ፊደልም ይቀበላል። በሌሊት ዝናብ ጠርሙስ ይዞ ወደ አንጀኒ ወንዝ ሲወርድ የነበረው ሰው ስም የሚገባው እዚያ ላይ ነው።